በደጃፍ ላይ ስለሚሰቀለው ካሜራና ስለሚገባው የማስታወቂያ ጽሕፈት

ባገራችን ልማድ ወደ ሰው ቤት የሚመጣ እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል እንጂ ሳያስታውቅ ዘው ብሎ አይገባም። ይህ ልማድ ከአባቶቻችን ተያይዞ የመጣው በከንቱ አይደለም። ባለቤቱ ልብሱን ሳያስተካክል፥ እመቤቲቱም ነጠላዋን ሳትደርብ፥ ልጆቹም ገና ሳይታጠቡ በባዕድ ዐይን ላይ እንዳይወድቁ ነው። አሁን ግን ነገሩ ተገልብጧል። እንግዳው ገና ከመንገድ ሳለ ቤቱ አስቀድሞ ያየዋል። በበሩ ራስ ላይ ወይም በአጥሩ ማዕዘን የተሰቀለው ትንሽ ካሜራ የእንግዳውን መልክና አረማመድ፥ በእጁ የያዘውን ዕቃ፥ የመጣበትንና የሄደበትን ሰዓት ሳይቀር ቀርጾ ያኖራል። እንግዲህ እንግዳው ሲመጣ መጣራት ልማድ ከሆነበት፥ ቤቱስ በበኩሉ «እኔ አያለሁ» ብሎ ማስታወቅ አይገባውምን? ከክቡራን አንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ ይህንኑ ስለ ጠየቁን፥ በዛሬው የቤተ ሰብ ዐምዳችን ስለዚሁ ነገር ጥቂት ለመናገር አስበናል።

በከተማችን በብዙ የግቢ በሮች ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሕፈት ይታያል። ይህን ጽሕፈት የሚያስጽፍ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛ ሌባውን ያስፈራል፤ ሁለተኛም ንጹሕ መንገደኛ ሳያውቅ ገብቶ ቢነከስ ከወቀሳ ይድናል። የካሜራ ጽሕፈትም ሥራው ይህንኑ የመሰለ ነው። ዳሩ ግን ልዩነት አለው፤ ውሻ ጽሕፈት ባይኖርም እንኳ ይጮኻልና ራሱን ያስታውቃል። ካሜራ ግን አይጮኽም። ጉዳቱም የሚታወቀው በዚያው ሰዓት አይደለም፤ ከብዙ ቀን በኋላ ሥዕሉ በማያውቁት ሰው እጅ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ለውሻ ጽሕፈት ካስፈለገ ለካሜራ ይልቁን የሚያስፈልግ ይመስለናል።

ይህን ስንል ካሜራ መስቀልን መንቀፋችን አይደለም። ቤቱን ለማስጠበቅ የሚፈልግ የቤተ ሰብ አባት በቂ ምክንያት አለው፤ ሌሊት አጥር የሚዘል፥ የውሃ ቆጣሪ የሚነቅል፥ ከቆመ መኪና ላይ መስተዋት የሚፈታ ሰው አልጠፋምና። ክርክሩ ያለው ካሜራው የት ድረስ ይይ፥ የታየውስ ሰው መታየቱን ይወቅ ወይስ አይወቅ በሚለው ላይ ነው። ለዚህም ከሁሉ የተሻለ አስረጂ የሚሆነን በቼክ ሪፑብሊክ በአንድ ባለ ቤት ላይ የደረሰው ነገር ነው።

ይህ ሰው ከነቤተ ሰቡ የማይታወቁ ሰዎች እየመጡ ጥቃት ያደርሱበት ነበር። ከ2005 እስከ 2007 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት የቤቱ መስኮቶች ደጋግመው ተሰበሩ። ሰውየውም ቢቸግረው ከቤቱ ክፈፍ ሥር አንድ ካሜራ ሰቀለ። ካሜራው ወዲያና ወዲህ የማይዞር፥ ድምፅም የማይቀዳ ነበር፤ ዳሩ ግን የቤቱን መግቢያ ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊት ያለውን የሕዝብ መንገድና ከመንገዱ ማዶ ያለውን የሌላ ሰው ቤት በር ጭምር ያይ ነበር። በዚያው በ2007 ዓመት በኦክቶበር ወር በ6ኛውና በ7ኛው ቀን መካከል ባለው ሌሊት አንድ ሰው በወንጭፍ ወርውሮ የቤቱን መስኮት ሰበረ። ካሜራው ግን ቀርጾት ኖሮ ሁለት ተጠርጣሪዎች ታወቁ፤ ሥዕሉም ለፖሊስ ተሰጥቶ ክስ ተመሠረተባቸው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩን የሰማ ሰው ሁሉ «እሰየው!» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ «ይህ ካሜራ እኔን ሊቀርጽ በሕግ ተፈቅዶለታልን?» ብሎ ጠየቀ። የአገሩ የዳታ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ጉዳዩን መርምሮ በ2008 (እ.ኤ.አ.) በባለ ቤቱ ላይ ጥፋት አገኘበት። በመንገድ የሚያልፉትንና ከማዶ ቤት የሚገቡትን ሰዎች ሳያስፈቅድ መቅረጹ፥ መቀረጻቸውንና ስለ ምን እንደሚቀረጹ አለማስታወቁ፥ ለመሥሪያ ቤቱም ሥራውን አለማስመዝገቡ እንደ ጥፋት ተቈጠረበት። ሰውየው በዚህ ተከራክሮ ነገሩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲተላለፍ ቆይቶ በመጨረሻ ሉክሰምቡርግ ካለው ከአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ።

የሰውየው መከራከሪያ ቀላል ነበር፤ «እኔ ቤቴን ጠበቅሁ እንጂ ሌላ ሥራ አልሠራሁም፤ ይህ የቤቴ የግል ነገር ስለ ሆነ ሕጉ አይመለከተኝም» የሚል ነው። በእውነቱ በዚያ ዘመን የነበረው የአውሮፓ ሕግ ሰው በቤቱና በግል ኑሮው የሚያደርገውን አይመለከትም ነበር፤ አሁንም ያለው እንዲሁ ነው። ፍርድ ቤቱ ግን በዲሴምበር 11 ቀን 2014 (እ.ኤ.አ.) በሰጠው ፍርድ፥ ካሜራው በከፊልም ቢሆን የሕዝብን መንገድ እስካየና ከባለ ቤቱ ግቢ ውጭ እስካነጣጠረ ድረስ ነገሩ የቤት የግል ነገር ብቻ ነው ሊባል አይችልም አለ። በአጭሩ ድንበሩ አጥሩ ነው ማለት ነው። ከአጥሩ ወዲህ ያለው የባለ ቤቱ፥ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ደግሞ የሕግ ነው።

ይህን ፍርድ ሰምተው «እንዴት ወንጭፍ ወርዋሪው በሕግ ይታገዛል?» ብለው የተቈጡ ሰዎች ነበሩ፤ እኛም ቍጣቸውን አንጠላውም። ዳሩ ግን ያው ፍርድ ቤት ባለ ቤቱ ንብረቱንና የቤተ ሰቡን ሕይወት ለመጠበቅ ያለው መብት በሕጉ እንደሚመዘን ጨምሮ ተናግሯል። ስለዚህ ፍርዱ ካሜራውን አውርድ አላለም፤ ካሜራህ ከሕግ በላይ አይደለም አለ እንጂ። ደግሞም አንባቢያችን አንድ ነገር ያስብ። በዚያ መንገድ ያለፈው ወንጭፍ ወርዋሪው ብቻ ነበርን? ወተት የምታመላልሰው ሴት፥ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ሕፃናት፥ ከማዶ ቤት በራሱ በር የሚወጣና የሚገባው ጎረቤት ሁሉ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ገብተዋል። እነዚህ ምን በደሉ? ማንስ ነገራቸው?

ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ሌላ የጠነከረ ሕግ ወጥቶ ከሜይ 25 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራበታል። በዚያ አገር ቤት ወይም ሱቅ ያላቸው ወገኖቻችን ሊያውቁት የሚገባ ስለ ሆነ ዋናውን ነገር እንጻፍ። የአውሮፓ የዳታ ጥበቃ ቦርድ በጃኑዋሪ 2020 ባጸደቀው መምሪያ፥ ማስታወቂያው በሁለት ደረጃ እንዲሆን አመልክቷል። ፊተኛው በበሩ ወይም በግድግዳው የሚሰቀለው ሰሌዳ ነው። ሁለተኛው ዝርዝሩን የያዘ ጽሕፈት ሲሆን፥ ጠያቂ ሲመጣ በቀላሉ የሚያገኘው መሆን አለበት። በሰሌዳው ላይ ካሜራው የማን እንደ ሆነ፥ ስለ ምን ጉዳይ እንደሚቀርጽ፥ የተቀረጸውም ሰው መብት እንዳለውና ዝርዝሩን ከወዴት እንደሚያገኝ ይጻፋል።

የሚሰቀልበትም ስፍራ ነገር አለው። ሰውየው ወደሚታይበት ክልል ከመግባቱ በፊት ሊያየው ይገባል፤ ቁመቱም በሰው ዐይን ልክ እንዲሆን ይመከራል። እኛ እንዳየነው ከሆነ ብዙው ሰው ጽሕፈቱን ከካሜራው ሥር፥ ማንም ከማያነብበት ከፍታ ላይ ይለጥፈዋል። ይህ እንግዳው ቡናውን ጠጥቶ ሲወጣ «ግቡ» እንደ ማለት ነው። ደግሞ አብዛኛው ሰሌዳ የካሜራ ሥዕልና «ይህ ስፍራ በካሜራ ይጠበቃል» የሚል ቃል ብቻ አለበት። በማን ይጠበቃል? ሰው አቤቱታ ቢኖረው ለማን ይናገር? ስም የሌለው ጽሕፈት ማኅተም እንደሌለው ደብዳቤ ነው።

የተቀረጸውም ሥዕል ለዘላለም አይቀመጥም። ያው መምሪያ ከ72 ሰዓት በላይ ለማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ምክንያቱን አጥብቆ ማስረዳት እንዳለበት ይናገራል፤ ሌብነት ወይም ጉዳት የደረሰ እንደ ሆነ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ባለ ቤቱ ያውቀዋልና ነው። የስጳኝ ሕግ ደግሞ ቢበዛ እስከ አንድ ወር ይፈቅዳል። ሥዕሉ ለፖሊስ ወይም ለፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ የሚፈለግ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ የፈረንጅ ወግ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን አይደለም። የሰው መልክ ያለ ፈቃዱ እንዳይዞር የሚከለክል ሕግ ያወጣነው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ27ኛው ቍጥር፥ የማንኛውም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፥ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በ28ኛው ቍጥር ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል፤ ከነዚህም አንዱ ለፍርድና ለፖሊስ ሥራ የሚያስፈልግ ሲሆን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የሰውን የግል ኑሮ መከበር አጽንቷል። ከዚህ ሁሉ በኋላ በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅን ቍጥር 1321/2016 አጸደቀ፤ ተቈጣጣሪነቱም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጠ። የሰው መልክ የታወቀበት ተንቀሳቃሽ ሥዕልም የዚያ ሰው የግል ዳታ ነው። ስለዚህ ባንክም ሆነ ሆቴል፥ ሱቅም ሆነ ትምህርት ቤት፥ ካሜራ የሰቀለ ሁሉ ስለ ምን እንደሚቀርጽ ለተቀራጮቹ ማሳወቅ ግዴታው መሆኑን አውቆ ቢዘጋጅ ይሻለዋል።

በዚህ ስፍራ አንድ መጥፎ ልማድ ሳንጠቅስ አናልፍም። አንድ ሰው ዕቃው ሲሰረቅበት ከካሜራው ያገኘውን ሥዕል ለፖሊስ ከመስጠት ፈንታ ወዲያው በቴሌግራምና በፌስቡክ «ይህን ሌባ ያያችሁ» ብሎ ይበትነዋል። ከዚያ በኋላ ሥዕሉ የማይመለስ ነው። ሰውየው ሌባ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ፍርዱን የሚሰጠው ዳኛ ነው። ሌባ ያልሆነ እንደ ሆነስ? በዚያው ሰዓት በዚያ ደጅ ያለፈ የመንደሩ ልጅ ቢሆንስ? እናቱ በእድርና በማኅበር መካከል እንዴት ቀና ብላ ትቀመጣለች? ሕጉ ለፖሊስ የሚሰጠውን ለይቶ መፍቀዱ ይህን ሁሉ አስቦ ነው፤ እኛም ከዚህ በቀር ሌላ መንገድ አንመክርም።

ከደጃፉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን በቤት ውስጥ የሚሰቀለው ነው። ሁለቱም ወደ መሥሪያ ቤት የሚሄዱ ባልና ሚስት ሕፃናቸውን ለሞግዚት ትተው ሲወጡ ልባቸው እንደማያርፍ እናውቃለን። ከሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ካሜራ አድርገው ከሥራቸው ሆነው በስልካቸው ቢመለከቱ የሚፈርድባቸው የለም። ነገር ግን ለሠራተኛይቱ መንገር ይገባልን ወይስ አይገባም? ብዙ ወይዛዝርት «ከነገርናት ምን ዋጋ አለው? እየተጠነቀቀች ታታልለናለች» ይላሉ።

ለዚህ የሚሆን ፍርድ በስጳኝ አገር ነገር ላይ ተሰጥቷል። በዚያ አገር አንድ ትልቅ የሸቀጥ መደብር በአምስት ወር ውስጥ ከ80 ሺሕ ዩሮ በላይ የሆነ ጉድለት አገኘ። አለቆቹም በ2009 (እ.ኤ.አ.) ለሠራተኞቹ ያስታወቋቸው የሚታዩ ካሜራዎች ሳሉ፥ ሌሎች ያልተነገረላቸውን ካሜራዎች በገንዘብ መቀበያው ላይ ሰወሩ። በዐሥር ቀን ውስጥ ሠራተኞቹ ሲወስዱ ተያዙና ተባረሩ። የተባረሩት ስትራስቡርግ ወዳለው የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፊት በ2018 ፍርዱ ለሠራተኞቹ ሆነ፤ በኋላ ግን ታላቁ ችሎት በኦክቶበር 17 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ገልብጦ መብታቸው አልተጣሰም አለ።

ይህን ሰምቶ «እንኪያስ መሰወር ይቻላል» የሚል ሰው ፈጥኖ ይሳሳታል። ፍርዱን የመዘነው ጉድለቱ ከባድና ጥርጣሬው እውነተኛ መሆኑ፥ ጊዜው ዐሥር ቀን ብቻ መሆኑ፥ ሥዕሉን ያዩት ጥቂት ሰዎች መሆናቸው፥ ስፍራውም ገዢ ሁሉ የሚተላለፍበት መሆኑ ነው። ፍርድ ቤቱ እንደ መጸዳጃና እንደ ልብስ መለወጫ ያለውን ስፍራ ከዚህ ለይቶ፥ በዚያ የሰው መከበር እጅግ የጠበቀ መሆኑን ተናግሯል። እንግዲህ ምንም ጉድለት ሳይታይ፥ ወሩን ሁሉ፥ ዓመቱን ሁሉ፥ በቤቷ ምትክ በሰው ቤት የምታድረውን ልጅ በስውር መቅረጽ ከዚያ ፍርድ ጋር ምን ያገናኘዋል? ለመደብሩ ሠራተኛ ሲመሽ የሚሄድበት ቤት አለው፤ ለእርስዋ ግን ወጥ ቤቱና ከወጥ ቤቱ ጎን ያለችው ክፍል ቤቷ ናቸው። ጸጉሯን የምትሠራውም፥ ከእናቷ ጋር በስልክ ተነጋግራ የምታለቅሰውም በዚያው ነው።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። ሠራተኛይቱ ስትቀጠር በመጀመሪያው ቀን «በሳሎኑና በበረንዳው ካሜራ አለ፤ ሕፃኑን ለመጠበቅ ነው፤ የሚያዩት አቶ እገሌና እኔ ብቻ ነን» ተብሎ በግልጽ ይነገራት። በመኝታ ክፍሏ፥ በመታጠቢያውና በመጸዳጃው ግን ቢነገርም ባይነገርም አይሰቀል። ጽሕፈት ፈቃድ አይደለምና፥ በመታጠቢያ በር ላይ ሰሌዳ መለጠፍ ነውሩን ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም። ተነግሯት የምትጠነቀቅ ሞግዚት ብትኖር ደግሞ እሰየው ነው፤ የተፈለገው ሕፃኑ በጥንቃቄ እንዲያዝ አልነበረምን?

ድምፅ የሚቀዳ ካሜራ የባሰ ነው። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ አንዲት ዳኛ በኦክቶበር 2021 (እ.ኤ.አ.) በሁለት ጎረቤቶች መካከል በተነሣ ክርክር ስትፈርድ፥ በበር ደወልና በካሜራ ተደርጎ ሩቅ ያለን ንግግር መቅዳት ከሥዕሉ ይልቅ የከፋ መሆኑን አመልክታለች። ባገራችን «ግድግዳም ጆሮ አለው» የሚባለው ለምሳሌ ነበር፤ አሁን ግን በገበያ ይሸጣል። ድምፅ መቅጃውን ማጥፋት በአብዛኛው ካሜራ ላይ ይቻላልና፥ የሰቀለው ባለሙያ ሳይሄድ ማስጠፋት ይገባል። በዚያውም ፋብሪካው የሰጠውን የይለፍ ቃል ማስለወጥ ነው፤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የይለፍ ቃላቸው ያልተለወጠ እጅግ ብዙ ካሜራዎች በክፉ ሰዎች እጅ ወድቀው የኢንተርኔትን ሥራ ለማወክ ውለዋልና።

ካሜራ ሳይኖራቸው ጽሕፈቱን ብቻ የሚለጥፉ፥ ባዶ የካሜራ ቀፎም የሚሰቅሉ እንዳሉ ሰምተናል። ሌባውን ለማስፈራራት ይጠቅም ይሆናል። ዳሩ ግን ጎረቤቱ ቀፎው ባዶ መሆኑን በምን ያውቃል? መስኮቱን ዘግቶ በጨለማ መቀመጡ ያው ነው።

ካሜራ ለመስቀል ያሰበ ሰው እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ጎረቤቱን ይጥራና በቡና ላይ አሳቡን ይንገረው። ከተሰቀለም በኋላ በስልኩ ያለውን ሥዕል ያሳየው። የጎረቤቱ መስኮት ወይም ጓሮ ከገባበት ካሜራውን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ዝቅ ማድረግ ባይቻል በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ ያንን ክፍል በጥቁር መሸፈኛ መከለል ይቻላል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት የሚፈተነው በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ጽሕፈቱን እንዴት እናድርገው ላሉን አንባቢዎቻችን ደግሞ የሚከተለውን እናቀርባለን፤ «በዚህ ደጃፍ ካሜራ አለ። የሚቀርጸው ቤቱንና የቤቱን ሰዎች ከሌባ ለመጠበቅ ነው። ድምፅ አይቀዳም። ሥዕሉ ከሦስት ቀን በኋላ ይጠፋል። ባለቤት፥ አቶ ወይም ወይዘሮ እገሌ። ጥያቄ ያለው በዚህ ስልክ ይጠይቅ።» ከዚህ በላይ ቃል ማብዛት አያሻም። ማንበብ ለማይችል ሰው ግን ከጽሕፈቱ በላይ የካሜራ ሥዕል ይሣልበት፤ ዘበኛውም የተጻፈውን አውቆ ለጠየቀው እንዲያስረዳ ይታዘዝ። የክረምቱ ዝናብ ቀለሙን ስለሚያደበዝዘው፥ በመስከረም አጥሩና በሩ ሲታደስ ሰሌዳውም አብሮ ቢቀባ መልካም ነው።